አንድ ሃይላንድ ውሃ ከምን አለሽ ተራ

ፍራይበርግ፣ ጀርመን
ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ወንድም ጋሼ፣

እንኳን ለአረፋ በዓል በሰላም አደረሳችሁ። እንዴት ናችሁ? አባባ እንዴት ነው? ጆሮው መቼም መዶሻው ከዘጋው ቆየ፤ ሌላው ጤናውስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እናንተ ክረምት ልትገቡ ስትሉ እኛ ላይ ገና ፀሐይ መውጣቷ ነው።

ሐምሌ ሳይገባ ነይ ብለህ የጻፍክልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ምን ይዞሻል ብለህ ጠይቀኸኛል። የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ነው፤ ሳይታደስ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ቢሮ ሄጄ ለምኛቸው ነበር። ሴትየዋ "ቤተሰብ ታሞብሽ ነው?" አለችኝ። ለችግር ከሆነ በሳምንት ውስጥ የይለፍ ወረቀት ይሰጣሉ፤ ለናፍቆት ግን አይሰጡም። አይ፣ ሁሉም ደህና ናቸው አልኳት። አልዋሽ ነገር፣ በአባባ ጤና ማን ያሟርታል!

ሌላም ጉድ አለብኝ። አባባ የጋለ የመኪና ባሌስትራ የሚነክርበት በርሜል አፍ ላይ፣ ወደዚህ ልመጣ ስል በማንኪያ ፍቄ የወሰድኩትን አረንጓዴ ነገር ታስታውሳለህ? "ጀርመን ቆሻሻ አጥቶ ነው?" ብለህ የሳቅክብኝን? ሞተብኝ። ለፈረንጅ ፋሲካ ቤተ ሙከራው ተዘግቶ ሳለ የሙቀት መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ቀቀለው። ከፊሉን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ ተብዬ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል ጉድ ሆንኩ። ሁለት ዓመት እንደ ልጅ ስንከባከበው ኖሬ! አለቀስኩ ብልህ ትስቃለህ።

አባባ ምኑን ነው የምትማሪው ላለው ይህን አሳየው። አረንጓዴው ነገር ሳይኖባክቴሪያ ይባላል፤ ከፀሐይ ምግቡን የሚሠራ፣ በዓይን የማይታይ ፍጥረት ነው፤ እኛ የምናየው ሲበዛና ሲደራረብ ነው። ዘረ-መሉ በፊደል እንደተጻፈ ጽሑፍ ነው። በአንዱ ጽሑፍ መሃል ግን ሥራ የሌለው የሚመስል ቁራጭ ገብቶበታል፤ ኢንትሮን እንለዋለን። ጽሑፉ ሲገለበጥ ይህ ቁራጭ ራሱ ተጣጥፎ፣ ራሱን ቆርጦ ይወጣና ግራና ቀኙ ይገጥማል። መቀስ የለ፣ ቆራጭ የለ! በጣም የቆየ ነገር ነው፤ አትክልት ተራ በየማለዳው የሚራገፈው ጎመን ቅጠል ውስጥ ሳይቀር ዘመዱ አለ። ለመቁረጥ የሚያገለግለው ክፍሉ አይለወጥም፤ ከተበላሸ መቁረጥ ያቅተዋል። መሃሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ግን እንዳሻት ትረዝማለች፣ ታጥራለች። ከአባባ በርሜል በመጣው ላይ አንዲት ሰባት ፊደል ያላት ሐረግ አራቴ ተደጋግማ አገኘኋት። ይህች ቀለበት በስንት ጊዜ ነው የምትለወጠው? የኔ ጥያቄ ይኸው ነው።

ለዚህ ደግሞ ከአባባ በርሜል የተሻለ አላገኝም። ሌላው ቀጥቃጭ ውሃው ሲቆሽሽ ይደፋል፤ አባባ ግን "ውሃው ብረቱን ለምዷል" እያለ ይጨምርበታል እንጂ ደፍቶት አያውቅም። አሁን እዚያ ያለው የዚያ የሞተብኝ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ነው። ስለዚህ እባክህ፣ ካፉ ላይ ፋቅ ፋቅ አድርገህ ከውሃው ጋር በአንድ ሃይላንድ ላክልኝ። ፈርሀት የምትባል ጓደኛዬ ነሐሴ ላይ ከአዲስ አበባ ትመለሳለች፤ ለእሷ ስጣት። ከፊተኛው ያነበብኩትን ከአሁኑ ጋር አስተያያለሁ። በጥር እመጣለሁ ኢንሻአላህ።

አባባን ጉልበቱን ሳምልኝ።

እህትህ ጠሂራ


መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ
ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.
(ያልተላከ)

ጠሂዬ፣

ወዓለይኩም ሰላም። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እንዴት እንደምነግርሽ ጨንቆኝ እስክሪብቶውን አንስቼ አስቀምጣለሁ፣ አንስቼ አስቀምጣለሁ። አባባ ሞተ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ኮልፌ ቀበርነው፤ ተራው በሙሉ ሥራ ፈትቶ ነው የሸኘው።

ነይ ያልኩሽ ታሞ ስለነበር ነው። ኩላሊቱ ነበር። እንዳትደነግጪ ብዬ ሕመሙን ደበቅኩሽ፤ ብቻዋን ናት፣ ትምህርቷ ይበላሻል አልኩ። ለችግር ከሆነ ወረቀት ይሰጣሉ ያልሽውን ያነበብኩት ከቀብር በተመለስን በሦስተኛው ቀን ነው። አንዲት ቃል ነበረች የምታስፈልገው እኮ! ታሟል ብዬ ብጽፍ ኖሮ በእጅሽ ውሃ ታጠጪው ነበር።

የጠየቅሽኝ ውሃም የለም። ለተእዚያ የመጣው ሰው ቤት አልበቃ ሲል ወንዶቹ መሥሪያው ደጅ ላይ ሸራ ወጥረው ተቀመጡ። ውሃ ጠፍቶ ስለነበር በቦቴ አስመጣን። ለውዱእ የሚሆን ማጠራቀሚያ ሲፈለግ የተራው ልጆች የአባባን በርሜል ገለበጡት፤ በአሸዋ ፈትገው፣ በበረኪና አጥበው ሞሉት። ቆሜ አየኋቸው። ተባረኩ ብዬም መረቅኳቸው። አባባ ስንት ዓመት አላስደፋ ያለውን ውሃ አፈሩ ሳይደርቅ አስደፋሁበት።

ይህን ጽፌ ለጋሽ ሃብታሙ አነበብኩላቸው። ከአባባ ጎን ሲቀጠቅጡ ነው ያረጁት፤ እንደ አባቴ ናቸው። "አንተ ልጅ፣ ጤና አለህ? መርዶ በወረቀት ይላካል? ስትወድቅ ማን ይይዛታል?" ብለው ተቆጡኝ። ስትመጪ፣ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገርሽ። የተጠየቀው ሽማግሌ ሁሉ ይህንኑ ነው ያለው። እውነታቸውን ነው፤ ይህን ለብቻሽ ቆመሽ እንድታነቢው አልፈልግም።

ስለዚህ ደብዳቤው አይሄድም። ውሃውን ግን ትጠብቂያለሽ፤ ቢቀር ለምን ብለሽ ትመረምሪኛለሽ። ከጋሽ ሃብታሙ በርሜል እቀዳልሻለሁ። እሱም ብረት ይነከርበታል፣ እሱም አፉ አረንጓዴ ነው። ግድግዳ ለግድግዳ የተቀመጠ ውሃ ምን ልዩነት ይኖረዋል?


መርካቶ
ነሐሴ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጠሂዬ፣ እህት ዓለም፣

ወዓለይኩም ሰላም። ለቆየሁበት ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ክረምቱ ነው፣ ሁሉ ነገር ጭቃ ሆኗል። በፈርሀት በኩል ስልክ አታነሳም ላልሽው፣ እዚህ ቆርቆሮ እየተቀጠቀጠ የማን ስልክ ይሰማል? ኔትወርኩንም ታውቂዋለሽ።

ውሃሽ ይኸውልሽ። ፈርሀትን አግኝቼ በእጇ ሰጥቻታለሁ። ካፉ ላይ በደንብ አድርጌ ፍቄበታለሁ። "ምንድን ነው ይሄ?" ብላ አፍንጫዋን ስትይዝ፣ የእህቴ ሙያ ነው አልኳት።

አባባ እንዴት ነው ላልሽው፣ ይመርቅሻል። ስለ ቁራጩ የጻፍሽውን አይቶ፣ "ይቺ ልጅ ምን አለሽ ተራ ማደጓን ረሳችው እንዴ? እዚህ ሥራ የሌለው ቁራጭ መቼ አይታ ታውቃለች?" ብሏል።

ጥር አትቅሪ። ሌላ ምንም አልልሽም። ጥር አትቅሪ።

ወንድምሽ ሙስዓብ


ፍራይበርግ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬን ሳልጨርስ ልንገርህ፣ ተለውጧል! የላክልኝ ውሃ ጥቅምት ላይ ለምልሞ አደገ፤ በዚህ ሳምንት ኢንትሮኑን አነበብኩ። ለመቁረጥ የሚያገለግለው ክፍል እንዳለ ነው፤ ቀለበቷ ግን አጥራለች። አራቴ የነበረችው ሐረግ ሁለቴ ብቻ ቀርታለች። በሁለት ዓመት! ሌላው ሰው በብዙ ሺህ ዓመት የሚያስበውን እኔ በአንድ በርሜል ውስጥ አገኘሁት። ፕሮፌሰሬ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አየ፣ እንደገና ጠረገ። የካቲት ላይ ትልቅ ስብሰባ አለ፤ እዚያ አቅርቢው አለኝ። ከዚያ ይታተማል። የመመረቂያ ሥራዬ በሙሉ በዚህ ላይ ሊቆም ነው።

ጥርን እንግዲህ አፉ በለኝ። አትቅሪ ብለኸኛል፤ አውቃለሁ። ፈቃዴ ታድሶልኛል፣ አሁን የከለከለኝ ሰው የለም፤ እኔው ነኝ የምቀረው። ንግግሩን ካቀረብኩ በኋላ ቀጥ ብዬ እመጣለሁ። አባባን አንተ አስታርቀኝ።

አባባ ስለ ቁራጭ ያላትን ነገር እዚህ ለሁሉም ተርጉሜላቸው በሳቅ ሞቱ። ንግግሬን በእሷ ነው የምከፍተው፣ በስሙ። ያሳደግኩትንም ዘር "ዘከሪያ" ብዬዋለሁ፤ ብልቃጡ ላይ ስሙ ተጽፏል። ንገረውና ፊቱን አይተህ ጻፍልኝ፤ ኩራቱን ለመደበቅ ጢሙን ሲያሻሽ ታየኝ።

አንድ ነገር ጠይቅልኝ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት በርሜሉ ውስጥ ያልተለመደ ነገር ገብቶበታል? ዘይት፣ የባትሪ አሲድ፣ ሳሙና? ደፍቶትስ ያውቃል? ደግሞ ተቀይሜሃለሁ በለው። ድሮ ደብዳቤህ ግርጌ ላይ በእጁ "በርቺ ልጄ" ሳይልልኝ አይቀርም ነበር። አሁን ተወኝ። ምን አደረግኩት?

ጠሂራ


መርካቶ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጠሂዬ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ሱቁን በጊዜ ዘጋሁ። የአባባን ስም ብልቃጥ ላይ ጻፍኩት ያልሽው ነገር ልቤን ነካው። ደስ አላለህም ወይ እንዳትይኝ፤ እንዴት ደስ አይለኝም። አባባ አልተቀየመሽም። እጁ ነው፤ መጻፍ አይችልም።

በርሜሉ ውስጥ ምን ገባ ላልሽው፣ እኔ እስከማውቀው ዘይትም አሲድም አልገባበትም። ግን ጠሂ፣ ይህን ነገር ለሰው ከመናገርሽ በፊት ትንሽ ብትቆዪስ? እኔ ምድጃ ሻጭ ነኝ። በእኔ እጅ በተቀዳ አንድ ሃይላንድ ውሃ ላይ ይህን ሁሉ ትምህርት ታቆሚበታለሽ? ቸኩዬ፣ በዝናብ መሃል፣ ምናልባት በርሜል ተሳስቼ ቢሆንስ? እዚህ በርሜል በበርሜል ነው። አንቺ ራስሽ መጥተሽ፣ በዓይንሽ አይተሽ ብትወስጂ ይሻላል። ስብሰባ ነገም አለ። ለፕሮፌሰሩ ንገሪው፤ ወንድሜ አይታመንም በይው፣ ስደቢኝ፣ አልቀየምም።

እባክሽ መጀመሪያ ነይ። ትልቅ ወንድምሽ አይደለሁም? መቼ ነው እንዲህ ለምኜሽ የማውቀው?

ሙስዓብ


ፍራይበርግ
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ወንድም ጋሼ፣

ረመዳን ከሪም። ጾሙ እንዴት ይዟችኋል? ደብዳቤህ የደረሰኝ ከስብሰባው ከተመለስኩ በኋላ ነው። ቆዪ ያልከኝን ሳላነበው አቅርቤዋለሁ።

አጨበጨቡልኝ። አንዲት ሴት ግን ከኋላ ተነስታ፣ የኋለኛው የፊተኛው ልጅ መሆኑን በምን አወቅሽ አለችኝ። የአባቴ በርሜል ነው፣ የቀዳውም ወንድሜ ነው አልኳት። ሰዉ ሳቀ፤ በክፋት አልነበረም። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣሁ። እስከዛሬ ያነበብኩት ያቺን ቁራጭ ብቻ ነበር። የፊተኛው ከመሞቱ በፊት ያወጣሁለት ዘረ-መል ጠብታ ታህል ፍሪዘር ውስጥ ተርፋ ነበርና እሷን አውጥቼ ሌላውንም ሌላውንም ክፍል አነበብኩ።

ወንድም ጋሼ፣ ቀለበቷ አላጠረችም። መጀመሪያውኑ ሌላ ናት። አንዱ የሌላው ልጅ አይደለም፤ ዘር ማንዘራቸው የተለያየው ምን አለሽ ተራ ሳይኖር፣ አዲስ አበባም ሳትኖር ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ የሌለ ነገር አወራሁ።

በርሜል ተሳስቼ ቢሆንስ ብለሃል። የአባባን በርሜል? እሱን ተደግፈን አይደል የቤት ሥራ የሠራነው? ዓይንህን ጨፍነህ ታገኘዋለህ። ደግሞስ አባባ እዚያ ቁጭ ብሎ እያየ ለልጁ ከሰው በርሜል ሲቀዳላት ዝም ይላል? በካልቾ ነበር የሚልህ!

ድሮ በየመስመሩ ወላሂ የምትል ሰውዬ፣ ከክረምት ወዲህ አንድም ጊዜ ወላሂ አላልክልኝም። ደብዳቤዎችህን ዘርግቼ አየኋቸው።

ሁለት ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ከየትኛው በርሜል ነው የቀዳኸው? ደግሞ አባባ በእጁ አንድ መስመር ይጻፍልኝ። ከደከመው ስሙን ብቻ።

ጠሂራ


መርካቶ
መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጠሂዬ፣

ኢድ ሙባረክ። ውሃው ከጋሽ ሃብታሙ በርሜል ነው። ወላሂ። ይህን ይዘሽ ስምሽን አድኚ። ስለ ቁራጩ የተባለውም ቃል የኔ ነው፤ እሱ ቢሆን ምን ይል ነበር ብዬ የጻፍኩት ነው። በዚያ ንግግርሽን ከፈትሽ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

የጠየቅሽኝን መስመር አባባ እንደሚጽፈው አስመስዬ ልጽፍልሽ ተቀምጬ ነበር። "በርቺ" የምትለውን ጻፍኳት። "ልጄ" የምትለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ቀደድኩት።

ሌላውን በደብዳቤ አትጠይቂኝ። አፌ ታስሯል፤ የታሰረውም ለአንቺ ሲባል ነው። ነይ ብቻ።

ሙስዓብ


ፍራይበርግ
ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

አትጠይቂኝ ስላልከኝ አልጠይቅህም።

ስለ ሥራዬ ልንገርህ። ለስብሰባው ሰዎች ሁሉ ጻፍኩላቸው፤ ያቀረብኩት ትክክል አይደለም፣ ውሃው ከሁለት በርሜል ነው፣ ሳላጣራ የተናገርኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ያንተን ስም አላነሳሁም። ፕሮፌሰሬ በሩን ዘግቶ ጮኸብኝ፤ ሲበርድለት ሾርባ ገዛልኝ። ምረቃው ለሌላ ዓመት ተገፍቷል። ብልቃጡ ላይ የነበረውንም ስም ፍቄ "ሃብታሙ" ብዬ ጻፍኩበት፤ የሳቸው ነው፣ ምን ይደረግ። ዘከሪያ ያኛው ነው፣ የሞተው።

ተናድጄብሃለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ዳግመኛ አላናግረውም ነበር። ግን ማን ላይ ነው የምጮኸው? ሰኔ ላይ መንገዱ ተዘግቶብኝ ነበር፤ ጥር ላይስ? ፈቃዴን በቦርሳዬ ይዤ እዚህ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። እናንተ እስክመጣ ስትጠብቁ፣ እኔ ደግሞ የላካችሁልኝን ውሃ ስጠብቅ፣ ዓመቱ እንዲሁ አለቀ። አንተም ይህን ሁሉ ወር ብቻህን ተሸክመኸው ኖርክ። ለዚህ አዝንልሃለሁ፤ በጣም ነው የማዝንልህ።

ጓደኞቼ ምን ሆነሻል ይሉኛል። ምንም እላቸዋለሁ። ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ? ሰው አልነገረኝም እኮ። ማሽን ነው የነገረኝ፣ ነጭ ካፖርት ለብሼ እንደቆምኩ፣ ፊደል በፊደል። ፈርሀት እንኳ አታውቅም። ብቻዋን አትስማው ብላችሁ የፈራችሁት ነገር እንዲህ ሆኖ ደረሰብኝ። እስከዛሬ አንዲት እንባ አልወጣችኝም። ሌሊት ተነስቼ ልሞክር እልና እንደ ሌባ አፍራለሁ፤ ያልተነገረኝን እንዴት ብዬ አለቅሳለሁ?

ሚያዝያ 24 አመሻሽ ላይ እገባለሁ። ቦሌ አንተ ብቻ ና። መንገድ ላይ ምንም እንዳትለኝ። ስለ ገበያው፣ ስለ ታክሲ ዋጋ፣ ስለፈለግከው አውራኝ። አባባስ ብዬ ብጠይቅህ ተኝቷል በለኝና እለፈው። ቤት ገብቼ ትንሽ ልረፍ።

ጋሽ ሃብታሙን ጉልበታቸውን ስመህ ለምንልኝ። ጠዋት ከሱብሂ በኋላ ይምጡ። የተራው ሰዎች ሁሉ ይምጡ፤ የሚይዙኝ ሴቶችም ይምጡ። በሩን እኔው እከፍታለሁ። እንደማላውቅ ሆኜ፣ በሰላም ነው በዚህ ማለዳ፣ እላችኋለሁ። ያኔ ንገሩኝ።

እህትህ ጠሂራ